ሰውን በድሎ ከእግዚአብሔር ጋር መታረቅ ይቻላል? ኃጢአት በአይሁድና በክርስትና

እኅተ_ሩፋኤል (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ሰሞኑን አንድ ነገር እያብሰለሰልኩ ነው። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከማስታምማቸው መካከል አንዲት አይሁዳዊት እናት አሉ። ዮም ኪፑር (የአይሁድ የማስተስረያ ቀን) ከመግባቱ በፊት እጄን ያዝ አደረጉና "ዘንድሮ ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ይቅር በይኝ" አሉኝ። እኔ እንደ ልማዳችን "ኧረ ምን አስቀይመውኝ ያውቃሉ!" ብዬ ላልፈው ስል አልተዉኝም። "ሾርባው ቀዘቀዘ ብዬ የጮኽኩብሽ ቀን አለ። እሱን ይቅር በይኝ" አሉ። ይቅር ማለቴን ከአፌ እስኪሰሙ ድረስ እጄን አልለቀቁም።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። እኛ ኃጢአት ሲነሳ ቶሎ የምናስበው አዳምን ነው፤ ከዚያ መስቀሉን፤ ከዚያ ንስሐ አባታችንን። እሳቸው ግን መጀመሪያ የመጡት ወደ እኔ ነው። አይሁድ ስለ አዳም ምን ይላሉ? ቤተ መቅደሱ ፈርሷል፣ መሥዋዕት ቀርቷል። ታዲያ ኃጢአታቸው በምን ይሰረያል? መሰዳደብ አልፈልግም። የሚያውቅ ሰው ረጋ ብሎ ያስረዳኝ።

ዘነታንያ (እስራኤል)

ሰላም እህቴ። ወላጆቼ ከጎንደር ናቸው፤ እኔ ያደግኩት ነታንያ ነው። አያቶቻችን ኦሪትን እንጂ ታልሙድን፣ የረቢዎችን (የአይሁድ መምህራንን) ትልቅ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ፣ አያውቁም ነበር። ስለዚህ የምጽፍልሽ ግማሹን ከቤት፣ ግማሹን እዚህ ትምህርት ቤት ያገኘሁትን ነው።

እኚያ እናት ያደረጉት ከጨዋነት ያለፈ ነገር ነው። ሕጉ ያዛቸዋል። የታልሙድ መሠረት በሆነው ሚሽና ውስጥ ስለ ዮም ኪፑር የሚናገረው ክፍል ሊያልቅ ሲል እንዲህ ይላል፦ በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለውን በደል ዮም ኪፑር ያስተሰርያል፤ በሰውና በሰው መካከል ያለውን ግን በዳዩ ባልንጀራውን እስኪያስታርቅ ድረስ ዮም ኪፑር አያስተሰርይም። ቀኑን ሙሉ ብትጾሚ፣ ምኩራብ ውስጥ ስታለቅሺ ብትውዪ፣ ጎረቤትሽ ላይ የሠራሽው በደል እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። እዚያው ላይ ሌላም አለ። "እበድላለሁ፣ ከዚያ ንስሐ እገባለሁ" እያለ የሚደጋግም ሰው ንስሐ የመግባት ዕድሉን አይሰጡትም ይላል።

ራምባም ይህን በዝርዝር አስቀምጦታል። እናንተ ማይሞኒደስ የምትሉት ማለቴ ነው፤ ከ1138 እስከ 1204 የኖረ፣ ግብፅ ውስጥ ሐኪም የነበረ ታላቅ ሊቅ። የሰው ገንዘብ ከወሰድክ መመለስህ ብቻ አይበቃም፤ ይቅርታም መጠየቅ አለብህ። ተበዳዩ እምቢ ካለ ሦስት ወዳጆቹን ይዘህ ሂድ። አሁንም እምቢ ካለ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሂድ። በሦስተኛውም ልቡን ካደነደነ ተወው፤ ከዚያ በኋላ ኃጢአቱ የእሱ ነው። የበደልከው መምህርህን ከሆነ ግን ሺህ ጊዜም ቢሆን ትመላለሳለህ። ሰውየው ሞቶ ከሆነስ? አሥር ሰው ይዘህ መቃብሩ ድረስ ሄደህ "እግዚአብሔርንና ይህን ሰው በድያለሁ" ትላለህ፤ ያለብህን ዕዳ ለወራሾቹ ትከፍላለህ።

ሙሉ ንስሐ ምን እንደሆነም ይናገራል። ያው አጋጣሚ ተመልሶ ሲመጣ፣ ማድረግ እየቻልክ፣ ፈርተህ ወይም አቅም አጥተህ ሳይሆን ከልብህ ስለተመለስክ ስትተወው ነው።

ስለ አዳም፦ እኛ ጋ በየማለዳው የሚጸለይ ጸሎት አለ። "አምላኬ ሆይ፣ የሰጠኸኝ ነፍስ ንጹሕ ናት" ብሎ ይጀምራል። ሰው ሁለት ዝንባሌ አለው፣ ደግና ክፉ። የሚገርመው ክፉውም ቢሆን ፈጽሞ አይጣልም። ረቢዎቹ እግዚአብሔር ፍጥረቱን አይቶ "እጅግ መልካም" ያለውን ሲተረጉሙ፣ ክፉው ዝንባሌም በዚያ ውስጥ አለበት ይላሉ። እሱ ባይኖር ሰው ቤት አይሠራም፣ አያገባም፣ አይወልድም፣ አይነግድም። ሥራችን እሱን መግዛት ነው። እግዚአብሔር ለቃየን ያለውን አስታውሺ፦ "ኃጢአት በደጅ ታደባለች፤ ፈቃድዋም ወደ አንተ ነው፥ አንተም በእርስዋ ንገሥባት።" ንገሥባት ብሎ የሚያዝ አምላክ፣ መንገሥ እንደሚቻልም ያውቃል።

ወልደ_ያሬድ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ ዘነታንያ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከኦርቶዶክስ ወገን የማውቀውን ልጨምር።

ብዙ ሰው የእኛን ትምህርት ከምዕራቡ ጋር ያደባልቃል። ጥንተ አብሶ (የአዳም የመጀመሪያው በደል) ስንል፣ ትናንት የተወለደ ሕፃን ባልበላው ፍሬ እንደ ወንጀለኛ ይጠየቃል ማለታችን አይደለም። የወረስነው ሞትን ነው፣ መበስበስን፣ ወደ ክፉ ማዘንበልን። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ሥጋዌ ሲጽፍ ደጋግሞ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። የሰው ጥፋት በጸጸት ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ንስሐ በበቃ ነበር ይላል። ሰው ግን ለሞት ተላልፎ ተሰጠ፤ ስለዚህ ሕይወት የሆነው ራሱ መምጣት ነበረበት። ኃጢአት በሽታ ነው፣ ክርስቶስ መድኃኒት ነው። መድኃኔዓለም የምንለውም ለዚሁ ነው።

ግን እህቴ እኅተ_ሩፋኤል፣ እሳቸው ወደ አንቺ መምጣታቸው ለእኛም እንግዳ ሊሆን አይገባም። ጌታ በማቴዎስ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ "አስቀድመህም ከወንድምህ ታረቅ" ይላል። ደንበኛ ንስሐ አባት ቀኖና ከመስጠቱ በፊት የሚጠይቀው "የወሰድከውን መልሰሃል? ከሰውየው ጋር ታርቀሃል?" ብሎ ነው። አርባ ስግደት ተቀብሎ የጎረቤቱን ድንበር እንደገፋ የሚኖር ሰው ስንቱን አይተናል! ስግደቱ የድንበሩን ድንጋይ አይመልሰውም።

የተቤዠ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ወንጌላዊ ክርስቲያን ነኝ። የተጻፈው ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ስጋት አለኝ። ኃጢአት ሰውን ማስቀየም ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ እፈራለሁ።

ጳውሎስ በሮሜ 5 ኃጢአት በአንድ ሰው ወደ ዓለም ገባ፣ ሞትም በኃጢአት ገባ ይላል። ምዕራፍ 7 ላይ ደግሞ የሚጠላውን እንደሚያደርግ ይናገራል። ይህ መካድ የማይቻል የሁላችንም ኑሮ ነው። ንገሥባት የተባለው ቃየን ነገሠ ወይ? ወንድሙን ገደለ። ትእዛዙ የሰጠን ልክ ምን ያህል እንደወደቅን ማየት ነው።

ደግሞም የዳዊትን ንስሐ ተመልከቱ። "አንተን ብቻ በደልሁ፥ በፊትህም ክፋትን አደረግሁ" ይላል። ኃጢአት ከሁሉ በፊት በእግዚአብሔር ላይ ነው። ከሰው ጋር መታረቅ የዳነ ሰው ፍሬ ነው እንጂ የመዳን ዋጋ አይደለም።

ዘነታንያ (እስራኤል)

የተቤዠ፣ ስለ ዳዊት ያነሳኸው ከባድ ነገር ነው። እኔን ሁሌም ያስጨንቀኛል። ኦርዮስስ? ሚስቱን ወሰደበት፣ ደብዳቤውን በራሱ እጅ አስይዞ ወደ ሞቱ ላከው። እንዴት "አንተን ብቻ" ይባላል?

እኔ እንዲህ ነው የማየው። ኦርዮስ ሞቷል። ይቅር ሊለው የሚችለው ሰው ከምድር ላይ የለም። ዳዊት የቀረለት መሄጃ አንድ ብቻ ነው። ነቢዩ ናታን ሲመጣም በትእዛዝ አልጀመረለትም፤ መጀመሪያ የነገረው አንዲት ጠቦት ብቻ ስለነበረችው ድኻ ነው። እኛ ዘንድ ነፍስ መግደል ከሁሉ የሚከብደው አንድም ለዚህ ነው። በሞተው ሰው ፈንታ ይቅር ማለት የሚችል ማንም የለም፤ ልጁም ቢሆን፣ ረቢውም ቢሆን።

ስለ መሥዋዕት ለጠየቅሽው፦ ሮማውያን በ70 ዓ.ም. ቤተ መቅደሱን ካቃጠሉ በኋላ ረቢ ኢያሱ ፍርስራሹን አይቶ "የእስራኤል ኃጢአት የሚሰረይበት ቦታ ፈረሰ፤ ወዮልን!" አለ። መምህሩ ዮሐናን ቤን ዘካይ "ልጄ አትዘን፤ እንደ እሱ ያለ ሌላ ማስተሰረያ አለን፤ እሱም ቸርነት ማድረግ ነው" ብሎ የሆሴዕን ቃል ጠቀሰለት። ምሕረትን እወዳለሁ እንጂ መሥዋዕትን አይደለም የሚለውን።

ወልደ_ያሬድ (አዲስ አበባ)

ያንኑ የሆሴዕን ቃል ጌታ ራሱ በማቴዎስ ወንጌል ሁለት ጊዜ ጠቅሶታል፣ ምዕራፍ 9 እና 12 ላይ። አንደኛውን ከቀራጮች ጋር ለምን ትበላለህ ብለው ሲከሱት ነው። አንድ ጥቅስ፣ አንድ ዘመን፣ ሁለት ቤት። ይህን ሳስብ ሁለቱ ቤቶች ምን ያህል ይቀራረቡ እንደነበር ይታየኛል።

ታሪክ_ወዳድ (ፍራንክፈርት)

የምዕራቡ ልዩነት ከየት መጣ ለምትሉ፣ መነሻው ሰሜን አፍሪካ ነው። ዛሬ አልጄሪያ በምንለው አገር ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ (354–430) በአንድ ወገን፣ ከብሪታንያ የመጣው መነኩሴ ጴላግዮስ በሌላ ወገን። ጴላግዮስ ሰው በፈቃዱ ኃጢአትን መተው ይችላል፣ የአዳም ውድቀት ለልጆቹ ክፉ ምሳሌ ነው እንጂ ተፈጥሯቸውን አልለወጠም የሚል ነበር። አውግስጢኖስ ደግሞ፣ ሕፃናት ለኃጢአት ስርየት የሚጠመቁት ካልበደሉ ለምንድን ነው? ብሎ ያዘው። በ418 የካርታጎ ጉባኤ ጴላግዮስን አወገዘ። የበደል ውርስ የሚለው ትምህርት በላቲኑ ዓለም ሥር የሰደደው ከዚህ ጀምሮ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሉተርና ካልቪን አጠነከሩት፤ የተቤዠ የሚናገረውም ከዚያ መስመር ነው። ምሥራቁና እኛ የአውግስጢኖስን መጻሕፍት ይዘን አላደግንም። የላቲን ጸሐፊ ነውና ከእስክንድርያ በኩል አልደረሰንም።

አውግስጢኖስን ግን በቀላሉ አትለፉት። ስለ ራሱ በጻፈው ኑዛዜ፣ የ16 ዓመት ጎረምሳ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት የሰው ዛፍ አራግፈው ፍሬ መስረቃቸውን ይተርካል። አልራበውም። ቤቱ የተሻለ ፍሬ ነበር። የሰረቁትን ለአሳማ ወረወሩት። "ለምን አደረግኩት?" ብሎ ገጽ በገጽ ራሱን ይመረምራል። የደረሰበት መልስ ያስፈራል፦ ክፋቱን ራሱን ወደደው፤ ብቻውን ቢሆን ደግሞ አያደርገውም ነበር። ከጓደኛ ጋር ሆኖ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሰው ያስለቀሰ ሁሉ ይህን ይረዳዋል።

የሄኖክ_አንባቢ (ባሕር ዳር)

ሰዎች፣ እጃችሁ ላይ ያለውን ሀብት ረሳችሁት! ይህ ክርክር በእኛው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ።

ዕዝራ ሱቱኤልን አንብቡ። "አዳም ሆይ፣ ምን አደረግህ? የበደልከው አንተ ብቻ ብትሆንም ውድቀቱ ያንተ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው" የሚል ልቅሶ አለበት። ይህን የጻፈው ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ የነበረ አይሁዳዊ ነው። ስለዚህ "አይሁድ ስለ አዳም ውድቀት አያውቁም" የሚለው ትክክል አይደለም። ያውቁ ነበር፤ ረቢዎቹ ዋናውን መንገድ በዚያ በኩል አላደረጉትም እንጂ።

ሄኖክ ደግሞ ሁለቱንም ይዟል። መጀመሪያው ላይ ክፋት ከወረዱት መላእክት ይመጣል፤ ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ አስማትን ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ወደ መጨረሻው፣ ምዕራፍ 98 ላይ ግን ኃጢአት ወደ ምድር አልተላከችም፣ ሰው ራሱ ፈጠራት እንጂ ይላል። አንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱ ድምፅ!

የእኔ ተወዳጅ ግን ኩፋሌ ነው። ምዕራፍ 34ን አውጡ። የማስተስረያው ቀን፣ ሰባተኛው ወር በገባ በአሥረኛው ቀን፣ ለምን እንደተሠራ ይናገራል። የዮሴፍ ወንድሞች ልብሱን በፍየል ደም ነክረው ለያዕቆብ የላኩበት ቀን ነው። አባታቸውን በልጁ ምክንያት ስላሳዘኑት፣ በየዓመቱ በዚያ ቀን በፍየል ጠቦት ያስተስርዩ ይላል። አስቡት። ወንድምን መሸጥና አባትን ማስለቀስ ነው የቀኑ መነሻ። በዚህ መጽሐፍ የሚያምኑት ደግሞ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ናቸው።

ዘነታንያ (እስራኤል)

እውነት ነው፣ ኩፋሌ የአያቶቻችንም መጽሐፍ ነው። ዮም ኪፑርን እነሱ አስተሰርዮ ይሉታል። ከእሱ በኋላ በሃምሳኛው ቀን ስግድ የሚባለው በዓላችን ይመጣል። ድሮ አምቦበር ተራራ ላይ ይወጡ ነበር፤ አሁን ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ ይሰበሰባሉ። ቄሶቹ ከሚያነቡት አንዱ ነህምያ 9 ነው፤ ሕዝቡ ቆሞ የራሱንና የአባቶቹን ኃጢአት የተናዘዘበት።

ይህ ከዮም ኪፑሩ ኑዛዜ ጋር ይገጥማል። እዚያም የምንለው "በደልን፣ ከዳን፣ ዘረፍን" ነው እንጂ "በደልኩ" አይደለም። በፊደል ተራ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱን ስንጠራ ደረታችንን እንመታለን። ያልሰረቀውም ሰረቅን ይላል። ወጣት ሳለሁ ይኼ ያናድደኝ ነበር። አሁን ይገባኛል። ሌባው ብቻውን እንዲቆም አይደረግም።

ነጻነት_21 (አዳማ)

እመቤታችንና ጥንተ አብሶን በተመለከተስ ምን ትላላችሁ?

ወልደ_ያሬድ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ እሱ ሰፊ ነው፤ እዚህ ከከፈትነው ይህ ጥያቄ ይሞትብናል። ለብቻው ክፈትበት፣ እመጣለሁ።

ልጅ_ሐረግ (ጂዳ)

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ግን ጥያቄዬ ከሁላችሁም የቀረበ ይመስለኛል። የሰው ቤት ሠርቼ የወራት ደሞዜን ከለከሉኝ። ስጠይቅ ሰደቡኝ፤ በመጨረሻ ሻንጣዬን ደጅ አወጡት። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ "ይቅር ካላልሽ አንቺም ይቅር አትባይም" ይሉኛል። እንዴት ነው ነገሩ? እነሱ ገንዘቤን ይዘው ይተኛሉ፤ ኃጢአተኛዋ እኔ ነኝ?

ዘነታንያ (እስራኤል)

እህቴ፣ አይደለሽም። ኦሪት ዘዳግም 24 የድኻ ደሞዝ ፀሐይ ሳይገባ ይሰጠው ይላል። ያለዚያ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል፣ ኃጢአትም ይሆንብሃል ይላል አሠሪውን። ለሠራተኛው ዝም በል አላለውም። በእኛ ሕግ ይቅር የማለት ግዴታ የሚመጣው በዳዩ የወሰደውን መልሶ ሲለምንሽ ነው። ያኔ ልብሽን ብታደነድኚ ነው ጥፋቱ። ያልመለሰ፣ ያልለመነ ሰው ከአንቺ የሚጠይቀው ነገር የለም።

የተቤዠ (ሐዋሳ)

ልጅ_ሐረግ፣ በደረሰብሽ በጣም አዝናለሁ። ያዕቆብ ምዕራፍ 5 ላይ የተከለከለው ደሞዝ ራሱ ይጮኻል ይላል። ጩኸቱ ደርሷል።

ሆኖም እዚህ ላይ ከዘነታንያ እለያለሁ። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ የሰቀሉት ሰዎች ይቅርታ አልጠየቁትም። እስጢፋኖስም በድንጋይ ሲወግሩት ጸለየላቸው። ይቅርታን ከበዳዩ ጋር ካሰርነው፣ እሱ እስኪመለስ ልባችን ታስሮ ይቀራል። ለእነሱ ብለሽ አይደለም። እነሱ ከቤታቸው አስወጡሽ፤ አንቺም ከልብሽ አውጪያቸው።

ወልደ_ያሬድ (አዲስ አበባ)

ሁለት ነገር እንለይ። ቂምን መተውና መብትን መተው አንድ አይደሉም። አባታችን ሆይ ስትዪ የምትገቢው ቃል ቂሙን እንዳትይዢ ነው። ደሞዝሽን እንዳትጠይቂ አይደለም። ክስ ማቅረብ ከቻልሽ አቅርቢ፤ ኃጢአት የለበትም። እንደውም ያ ሰው ነገ ሌላዋን እንዳይበድል ታደርጊዋለሽ። "ይቅር በይ" የሚሉሽ ሰዎች ለአሠሪውም "መልስ" የሚሉ ቢሆኑ ጥሩ ነበር። ተበዳይን ብቻ የሚያስጨንቅ ስብከት ግማሹን ወንጌል ጥሏል። ይህን የምለው በምሬት ነው፤ ብዙ እህቶቻችን በዚህ ቆስለዋል።

ልጅ_ሐረግ (ጂዳ)

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ቂሙን ለመተው እሞክራለሁ። ገንዘቡን ግን አልተውም።

የመርካቶ_ልጅ (አዲስ አበባ)

እኔም የከበደኝን ልጠይቅ። አባቴ ነጋዴ ነበር፤ አርፏል። ከመሞቱ በፊት ሚዛኑን ለዓመታት ያሳንስ እንደነበር ነገረኝ። ቡና፣ ስኳር፣ በርበሬ፤ ከእያንዳንዱ ኪሎ ትንሽ ትንሽ። ያንን ሁሉ ገዢ አሁን ከየት ይገኛል? ሱቁን የወረስኩት እኔ ነኝ። ሕዝቅኤል 18 "ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም" ይላል፤ እሱ ያጽናናኛል። ገንዘቡ ግን እኔ ጋ ነው።

ዘነታንያ (እስራኤል)

ወንድሜ፣ ታልሙድ ይህንኑ ጥያቄ አንስቶታል። የእረኞች፣ የቀራጮችና የግብር ሰብሳቢዎች ንስሐ አስቸጋሪ ነው ይላል። ለምን? የዘረፉት ሕዝብን ነው፤ ማንን እንደዘረፉ አያውቁም። መልሱ እንዲህ ነው፦ የሚያውቋቸውን ፈልገው ይመልሱላቸው። በቀረው ሕዝብ ሁሉ የሚጠቀምበትን ነገር ይሥሩ። ምሳሌው የውኃ ጉድጓድ ነው። ከጉድጓዱ የሚቀዳ ሁሉ ምናልባት ከተዘረፉት አንዱ ይሆናል።

ወልደ_ያሬድ (አዲስ አበባ)

ይገርማል! ዘኬዎስ እኮ ቀራጭ ነበር፣ የቀራጮችም አለቃ። ጌታን ቤቱ ተቀብሎ የተናገረው በሁለት የተከፈለ ነው። "ካለኝ ሁሉ እኩሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ፤ ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ።" አራት እጥፉ ለሚያውቃቸው ነው። እኩሌታው ደግሞ ለማያውቃቸው ይመስለኛል። ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አንብቤ እንዲህ አላየሁትም ነበር። "ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል" የተባለውም ከዚያ በኋላ ነው። የተቤዠ፣ ጸጋው ቀድሞ ገባ፤ ሂሳቡም ተከፈለ።

የተቤዠ (ሐዋሳ)

አሜን። ጸጋው ቀድሞ ከገባ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

የመርካቶ_ልጅ (አዲስ አበባ)

ከድሮ ደንበኞቹ ሦስት ቤተሰብ አውቃለሁ። አንደኛዋ ባልቴት አሁንም ከእኔ ነው የሚገዙት። እሳቸውን ምን እላቸዋለሁ? አባቴን ማዋረድ አይሆንም?

ወልደ_ያሬድ (አዲስ አበባ)

አያዋርደውም፤ ከዕዳው ታወጣዋለህ። ራሱ ነው የነገረህ፤ ያልተናገረውን አላወጣህበትም። በመጀመሪያ ለንስሐ አባትህ ንገር። ከዚያ ሁለት ሽማግሌ ይዘህ ባልቴቷ ቤት ሂድ። ሱቅ ውስጥ ሰው እየሰማ አታድርገው። የበደሉን ልክ ባታውቀውም በግምት አስላውና ዘሌዋውያን 6 እንደሚያዘው አምስተኛውን እጅ ጨምርበት። አልቀበልም ካሉ ለማን እንዲሰጥላቸው እንደሚፈልጉ እሳቸው ይወስኑ፤ አንተ አትወስንላቸው። የቀረውን ሰፈሩ በሚጠቀምበት ነገር ላይ አውለው። ሚዛኑንም ዛሬውኑ አስመርምር።